ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማያዊ የሚሆነው ኮምፒውተር

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅህ ሳል ተሻለህ ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ከዚህ በላይ የጤንነት ማረጋገጫ አልፈልግም። አባባም አሉ። የእሳቸውን ነገር ትንሽ ቆይቼ አነሳዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለእሱ ስል ነው።

በስልክ እንዳልነግርህ የቤታችንን ግድግዳ ታውቀዋለህ፣ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ከክፍል ክፍል ይሰማል። በኮምፒውተሩ እንዳልጽፍልህ ደግሞ ጉዳዩ የራሱ የኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ በወረቀት ታገሰኝ። በእጅ ጽሑፌም እንዳትስቅ፤ ስተይብ ኖሬ እስክሪብቶ አያያዝ ጠፍቶብኛል።

ኮምፒውተሩ በድንገት ሲቆም የሚመጣው ያ ሰማያዊ ስክሪን ስንት ጊዜ እንዳስለቀሰኝ አንተ ታውቃለህ። በመጀመሪያው ቀን ስተይብላት ከነበረው የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አሥራ አንድ ገጽ በላብኝ። ከዚያ ወዲህ ያዘዝከኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር አደረግሁ። የኮምፒውተሩን ሣጥን ከፍቼ ራም የምትለውን ካርድ ነቀልኩ፣ ቢጫ ጥርሶቹን በላጲስ ጠርጌ መለስኩ። ድራይቨሮቹን አደስኩ፣ ቫይረስ ፈለግሁ፣ ሃርድ ዲስኩን ስመረምር ዋልኩ። ሲበላሽ ራሱን እንዳያስነሳና ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ እንዲቆይ አድርጊ ስትለኝም አደረግሁ። የማይገባኝን ቁጥር ሁሉ በስልኬ እያነሳሁ ላክሁልህ። አባባ ከስፌት መኪናቸው ኋላ ሆነው ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የዘይት ቆርቆሯቸውን ይዘው መጥተው፣ ትንሽ የመኪና ዘይት ጠብ ላድርግበት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሳቅሁባቸው። አሁን ሳስበው ያ ቀልድ አልነበረም፤ ጥፋታቸውን ለመካስ መላ ጠፍቷቸው ነበር።

ኮምፒውተር የሚጠግነው ቴክኒሻን ዘንድ ስወስደው ሦስት ቀን ሙሉ ሲሠራ ዋለ፣ አንድ ጊዜም አልተሰናከለም። እህቴ፣ ይሄ ማሽን ከእኔ ይሻላል፣ ውሰጂው አለኝ። ወሰድኩት። በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ ከውጭ ስመለስ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ።

ያኔ ነው በደብተር ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ ያልከኝ። ያነበብኩልህ ትዝ ይልሃል? ሁሉም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁሉም ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ። እነዚያ ቀኖች የተየብኩትን ይዤ ማተሚያ ቤት የምሄድባቸው ናቸው። መብራቱ ይሆናል አልክ፣ አልሆነም። ሙቀት የሚመዘግበውን ፕሮግራም አስጫንከኝ፤ በእነዚያ ሰዓቶች ሙቀቱ ጣሪያ ይነካል። ከዚያም፣ የሆነ ነገር ሸፍኖታል እንዴ፣ የሚነካው ሰው አለ እንዴ ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም ማንም አይነካውም፣ እማዬ ተኝታ ነው የምትውለው፣ አባባ ደግሞ የአንተ እጅ የነካውን ነገር ቀና ብለውም አያዩት ብዬ ማልኩልህ። ያ መሐላ ውሸት ሆኖ ተገኘ።

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ማተሚያ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ከመንገድ ተመለስኩ። እማዬ ተኝታለች። የአባባ የሥራ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ኮምፒውተሩ አንተ በተከልክበት ቦታ፣ ከስፌት መኪናው ጎን ነው ያለው። አባባ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈዋል። ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ማን እንዳስተማራቸው እግዜር ይወቅ።

የሚያዩት ካሜራውን የገጠምክ ዕለት ለሙከራ የቀረጽካትን ቪዲዮ ነው። አራት ደቂቃ አትሞላም፤ ባለቀች ቁጥር መልሰው ይከፍቷታል። አንተ ፊትህን እያስጠጋህ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል ወይ ትላለህ። ከኋላህ አባባ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ፣ ይመለሱና አንገታቸውን አስግገው፣ እኔም አለሁበት እንዴ ይላሉ። ከዚያ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ። እኔ ያቺን ቪዲዮ ረስቻት ነበር።

ድምፁን እማዬ እንዳትሰማ በጣም ዝቅ አድርገውታል። ዝቅ ሲያደርጉት ደግሞ ያ የማቀዝቀዣ ፋን እያጓራ ድምፅህን ይውጥባቸዋል። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ሣጥን ከላይ እስከ ታች በወፍራም ልብስ ጠቅልለው፣ ጠርዙን በክንዳቸው አፍነው ይዘውታል። ልብሱን ሳየው ክው አልኩ። ግራጫው የሱፍ ካፖርት ነው።

የትኛው እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ሱቁን ትረከባለህ ብለው አንድ ወር ሙሉ የሰፉልህ፣ አንተ ደግሞ ልብስ ሰፊ አልሆንም ብለህ በወጣህበት ቀን ወንበር ላይ ትተኸው የሄድከው ነው። ከዛሬ ጀምሮ የዚያን ልጅ ስም እዚህ ቤት እንዳልሰማ ካሉ በኋላ ቀዳድጄ ለሰው ልብስ ገበር አደረግሁት ብለውን ነበር። አራት ዓመት አመንናቸው።

እኔ እዚያው ቆሜ ሳለ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። አባባ እንደ መደንገጥ ብለው ካፖርቱን አነሱ። ከዚያ ስክሪኑን ትንሽ አዩትና በለሆሳስ፣ ደግሞ ሄድክ አሉት። ካፖርቱን እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርገው አጣጠፉና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሣጥኑ ሥር ደበቁት።

በእግር ጣቴ ወጣሁ። ደጅ ላይ አልቅሼ ፊቴን ከጠረግሁ በኋላ የግቢውን በር እያንኳኳሁ፣ እየሳልኩ እንደ አዲስ ገባሁ። አባባ መኪናቸው ላይ ናቸው። ያ ነገርሽ ደግሞ ሰማያዊ ሆኗል መሰለኝ፣ በሽታው ምንድን ነው አሉኝ። ሙቀት ነው አባባ፣ አየር ያጥረዋል አልኳቸው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልህ። አምና አባባ ልብስ እየተኮሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ ያ ልጅ ደህና ነው ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ደግሞ በሁለታችሁም ተንገፍግፌ ስለነበር፣ ስሙን እንዳትጠሩ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። ለአንተም አልነገርኩህም። አንተ በየስልኩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም ስትል፣ ጥያቄውን አፋቸው ላይ የቆረጥኩት እኔ መሆኔን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ ወንድሜ። ሁለታችሁን የሚያገናኘውን ገመድ እኔ በእግሬ ረግጬ ይዤ ግትሮች ስላችሁ ከረምኩ።

ቴክኒሻኑ ዘንድ ሄጄ ድምፅ የሌለው ፋን ግጠምልኝ አልኩት። የነበረው ደህና አይደል እንዴ፣ ምን አስቸገረሽ አለኝ። ቤታችን ውስጥ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው አለ አልኩት። ቪዲዮዋንም አባባ ለማግኘት እንዳይቸገሩ ስክሪኑ ላይ ከፊት አወጣኋት። ይኸው ወር አለፈው፤ አንድም ቀን ሰማያዊ አልሆነም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማተሚያ ቤት ስሄድ ሆን ብዬ እቆይላቸዋለሁ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ነው የምዋሸው።

ግን ወንድሜ፣ ፋን መለወጥ የሚፈታው የማሽኑን ብቻ ነው። የአባባ ግራ ዓይን እንደማያይ ነግሬህ ነበር። ቀኙም እየደከመ ነው። የዓይን ሐኪሙ ይቆያል አላለም፣ አይቆይም አላለም፤ ብቻ ማየት የሚፈልጉትን ይዩ አለኝ፣ ያውም እሳቸው በሌሉበት። አሁን ክር በመርፌ ማሾለክ አይችሉም። ጠዋት ጠዋት ከመተየቤ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ በመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ እሰካላቸዋለሁ፤ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ስክሪኑንም አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠግተው ነው የሚያዩት።

አንተ እሱ ራሱ ሳይጠራኝ አልመጣም ብለሃል። ልክ ነህ፣ ብዙ ተብለሃል። አባባም አፍ አውጥተው ና አይሉህም፤ ይህን እኔም አንተም እናውቃለን።

ግን ባለፈው ማክሰኞ አጠገባቸው ሆኜ ስተይብ መኪናቸውን አቆሙ። ከዚያም፣ ሰው ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላው ትከሻው ይሰፋል ወይስ ባለበት ይቀራል ብለው ጠየቁኝ። አምና የመለስኩትን መልስ አልደገምኩም። እንጃ አባባ፣ የሚሰፋ ይመስለኛል አልኳቸው። እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሲወጡ የቁርጥራጭ ጨርቁ ሣጥን ሥር አየሁ። ካፖርቱ ትከሻው ላይ ተፈትቶ በነጭ ክር ለጊዜው ተይዟል። ነጩ ክር ከአሥሩ መርፌ በአንዱ ጠዋት ያስገባሁት ነው።

የትከሻህን ልክ ጽፈህ እንዳትልክልኝ። አባባ በወረቀት በመጣ ልክ ሰፍተው አያውቁም። ባለ ልኩ ራሱ ይምጣና ይቁምልኝ ነው የሚሉት፤ አንተም እዚያ ክፍል ውስጥ ስታድግ ሺህ ጊዜ ሰምተኸዋል።

እማዬ ሳመችህ፤ ምን እንደምጽፍ ባታውቅም ሳሚልኝ ብላኛለች። እግዚአብሔር ሳልህን ያሽርልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ዓይን ለዓይን ያገናኘን፣ ዓይን እያለ።

መርፌ አሾላኪዋ
ታናሽ እህትህ