ንጉሡ እስኪመጡ የታሰረው ሊፍት

ሐሙስ፣ ግንቦት 14
ከሆስፒታሉ ልብስ ክፍል

የኔ ዓለም፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ ለቀቀሽ? እኔ ወገቤን ይዞኝ ጎብጬ ነው የምጽፍልሽ። ለማንም አታውሪ እንጂ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ማክሰኞ ዕለት በሩን ዘግቼ፣ በታጠፈው የአንሶላ ክምር ፊት እጅ መንሳት ስለማመድ ዝቅ እንዳልኩ ቀረሁ! የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ከፍታ ገባችና "እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?" አለችኝ። "መርፌ" አልኳት። ምስኪን፣ ተንበርክካ አብራኝ ስትፈልግ ቆየች። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ! ሳስበው ራሴ ያስጠላኛል።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ንጉሡ አዲሱን ሊፍታችንን ሊመርቁ ይመጣሉ ተብሎ ነው። ሊፍቱ ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል። ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ግን በሩ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮበታል። ጠርዙን የቀመቀምኩት እኔው ነኝ። ንጉሡ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ቀየሩ፤ አንዴ በጉንፋን፣ አንዴ በፈረስ ውድድር ምክንያት። እስከዚያ ድረስ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የልብ ክፍል የሚወጣው በደረጃ ነው። የልብ በሽተኛ በደረጃ!

አባትሽም እዚያው ይመላለሳል። አትደንግጪ፣ ለክትትል ያህል ነው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። በሽተኛ የሚያመላልሰው፣ ሎጋው የምንለው ሰውዬ፣ አዝሎት ነው የሚያወጣው። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ከመሄድሽ በፊት እራት ላይ የተባባላችሁት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "የመረጥነው እያለ ያልመረጥነው ምን ይሠራልናል?" አልሽው። እሱ ደግሞ "የተመረጠው ከነፓርቲው መጥቶ ከነፓርቲው ይሄዳል። ከፓርቲ በላይ ሆኖ ሁላችንንም እኩል የሚያይ አንድ ሰው ያስፈልጋል" ብሎ ሳህኑን ገፍቶ ተነሳ። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ "ሰላም በያት" ከማለት አላለፈም። ሠላሳ ዓመት ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው በሎጋው ጀርባ ላይ ሆኖ በሪባኑ አጠገብ ሲያልፍ እንኳ "ወጉ ነው፣ ይደርሳል" ይል ነበር።

ትላንት ልምምድ ነበር። ኮሪደሩን ብታዪው! ቀለም የተቀባው ንጉሡ የሚያዩት ጎን ብቻ ነው፤ ሌላው እንደተላላጠ አለ። ምናልባት ንጉሡን ቢቸግራቸው ተብሎ አዲስ ሽንት ቤት ተሠርቶ ተቆልፏል። በሽተኛው በአንዲት አሮጌ ሽንት ቤት በር ላይ ተሰልፎ እግሩን ያቆላልፋል። የዚያ ሽታ እንዳይሰማ ደግሞ ሽቶ ተረጨ። ሽንትና ጽጌረዳ ሲቀላቀል አስቢው።

ንጉሡን ሆኖ የሚለማመድ ሰው ሲፈለግ በቁመት የሚተካከላቸው ሎጋው ሆኖ ተገኘ። አንድ ካፖርት አልብሰው አቆሙት። ከንቲባው፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ የመረጥኩት ከንቲባ፣ ለሎጋው ጎንበስ አለ።

"ክቡር ከንቲባ፣ ትንሽ ዝቅ" አለው ከቤተ መንግሥት የመጣው ሰውዬ።

ዝቅ አለ።

"አሁንም።"

መላጣው የሎጋው ጉልበት ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሎጋው ሳቁን ለመዋጥ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔስ? ማክሰኞ የጎበጠው ወገቤ ትዝ አለኝ።

አባትሽ ጥጉ ላይ አጠገቤ ተቀምጧል። ከንፈሩ ጠቆር ብሎ ነበር፤ የቀለሙ ሽታ ነው መሰለኝ።

"ሎጋው፣ አራት ሰዓት ሆነ እኮ። አታዝለኝም?"

"አባባ፣ ንጉሥ ሆኛለሁ እኮ!" አለ በሹክሹክታ።

"ጸጥታ! ከመጀመሪያው እንደግመዋለን" አለ የቤተ መንግሥቱ ሰውዬ።

"እንግዲያው በሊፍቱ ልውጣ" አለ አባትሽ።

"አባቴ፣ ንጉሡ ሪባኑን ሳይቆርጡ አይቻልም" አለ ዳይሬክተሩ።

"እሱ ይቁረጠዋ!" አባትሽ በጣቱ ወደ ሎጋው አመለከተ። "ከንቲባ የሚሰግድለት ሰው ሪባን መቁረጥ ያቅተዋል?"

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ከንቲባው ብቻ አልሳቀም። "ወጉ አይፈቅድም አባቴ" አለ ከረባቱን እያስተካከለ። "እኔ ራሴ ሥልጣኑ የለኝም።"

አባትሽ ትክ ብሎ አየው። "የለህም? እኔ እኮ የመረጥኩህ እንዲኖርህ ብዬ ነበር።"

ከዚያ እጁን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ሰዶ መቀሴን መዥረጥ አደረገና ተነሳ። ሊፍቱ ጋ ለመድረስ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ በየሁለቱ ቆም እያለ ሄደ። የያዘው ሰው የለም። እኔም አልያዝኩትም። ቆረጠው! አዝራሩን ተጫነ፣ በሩ ተከፈተ። ገባና እንደ ድሮው ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ የሞተሩን ድምፅ አዳመጠ።

"ጤነኛ ነው" አለ። "ሁለት ወር ሙሉ ጤነኛ ነበር።"

ተከትዬው ገብቼ ወደ ላይ ስንወጣ ክንዴን ይዞ "ለልጅቷ እንዳትነግሪያት" አለኝ።

"ምኑን?"

"ልክ እንደነበረች።"

ይኸው ነገርኩሽ። ይቆጣኝ።

ሊፍቱን ግን ማታውኑ መልሰው ቆለፉት። ንጉሡ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ አዲስ ሪባን ቀምቅሚ ተብዬ ጨርቁ ጭኔ ላይ ነው። መርፌ አላስነካሁትም። መቀሱ የማን እንደሆነ ስለታወቀ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ጋ ተጠርቻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ክፍል ቁልፍ አስረክቢ ይሉኝ ይሆናል። ጨርቁን እንዳለ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ነው የማስቀምጥለት።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ የአባትሽ ዶክተር "ልጅሽ መቼ ነው የምትመጣው?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዲያው ለጨዋታ ይሆናል። ግን ፈቃድ የሚሰጡሽ ከሆነ ከክረምቱ በፊት ብታደርጊው ጥሩ ነበር።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ የሰው ፊት አያሳይሽ የኔ እናት። የአባትሽ ቀጠሮ ነገ አራት ሰዓት ነው። ከዳይሬክተሩ ቢሮ ወጥቼ ምን እንዳሉኝ፣ አባትሽም አራተኛ ፎቅ በሊፍት ይሁን በደረጃ እንደወጣ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ወገቧ የተያዘው እናትሽ