ድንጋይ ሳይለቀም ስም አይጠራም

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እማዬ ሙት ዓመትህ ካለፈም በኋላ ከሌን አላወልቅም ብላ ስታስቸግረን ከርማ፣ ለመስቀል ነጭ ለበሰች። ቡድኑን ስትመራበት የነበረው ፊሽካህ እኔ ጋ ነው። የምጽፍልህ ግን ስለ ኳስ ሜዳው ነው፤ ከዚህ የሚመጣ ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርህ ከእኔ ስማው።

ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከላይኛው ገደል ድንጋይ አምጥቶ ሜዳው ላይ እንደሚዘረግፈው ታውቃለህ። ውድድር ከመጀመሩ በፊት፣ ቡድኑ ከደጋፊው ጋር በሚተዋወቅበት ቀን፣ ገበሬው፣ አስጎብኚው፣ መስቀል ሻጩ ከተጫዋቾቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ ከዳር እስከ ዳር ይለቅም ነበር። የተለቀመው ታች ይካባል፤ ካቡ ላይ ተቀምጠን ጨዋታ እናያለን። «ድንጋይ ሳይለቀም ስም አይጠራም» ትል ነበር፤ የተጫዋቾቹን ስም ማለትህ ነው። አንድ ዓመት ነጭ ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ብዬ ዳር ስቆም አይተህ፣ ሰልፉን በሙሉ በፊሽካ አስቁመህ እስክገባ ጠበቅኸኝ። ያን ቀን ጠልቼህ ነበር።

ዘንድሮ ኮሚቴው ያን ቀን በትኬት አደረገው። ሊቀመንበሩ ጌጡ ነው፤ የመጀመሪያ ማሊያውን ከአንተ እጅ የተቀበለው ጌጡ። ቡድኑ ገንዘብ አያስፈልገውም አላልኩም። ወልድያ ሄዶ ለመጫወት መኪና ያስፈልጋል። ሆቴሎቹን እንጠይቅ፣ የውድድሩን ጨዋታ እናስከፍል፣ ይህችን አንድ ቀን ግን አትንኳት አልኩ፣ እኔም የኮሚቴ አባል ነኝና በስብሰባው ላይ። «ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ልማት እንድትቃወሚ ነው?» አለኝ። ሰው ሳቀ። በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን ሳነበው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል፤ የእኔም ስም ከተስማሙት መሐል ተጽፏል። ትኬቱ ላይ ደግሞ የአንተን ስም አትመውበታል፤ መታሰቢያ ነው ብለው። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሰው እንዳያጉረመርም በር ላይ ትኬት እንድቀድ የመደቡትም እኔን ነው። እሺ አልኩ። ማን እንደሚመለስ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

እትዬ ብርቄን ታስታውሳቸዋለህ፤ ሜዳው በደቦ ሲደለደል ነፍሰ ጡር ሆነው ድንጋይ የተሸከሙትን። በር ተብሎ ከተወጠረው ገመድ ሲደርሱ ትኬት ተባሉ። «የምን ትኬት? እኔ እኮ ልለቅም ነው የመጣሁ» አሉ። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ከኋላቸው ሰው እየበዛ ሄደ። ማንም አልተሳደበም፤ ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ከፍለው የገቡት ካቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሜዳው ድንጋዩን እንደለበሰ ነው። ጌጡ በድምፅ ማጉያ «ኑ እንልቀም እንጂ ጎበዝ» ቢል የሚነሳ ጠፋ። አንዱ፣ «ከፍዬ ገብቼ ደግሞ ላጎንብስ? ሠርግ ጠርተህ እንጨት ፍለጥ በለኛ» አለው። ካቡ በሳቅ ተናጋ። ተጫዋቾቹ ብቻቸውን ለቀሙ፣ ለቀሙ፣ የሜዳውን ሩብ እንኳ ሳይጨርሱ ደከሙ። ከገመዱ ውጭ ያለው ሕዝብ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። ዝምታው ያላማራቸው ሁለት ሚሊሻዎች ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

በመጨረሻ ጌጡ ወደ እኔ መጣ። «ለልቀማው ብቻ አስገቢያቸው። ሲጨርሱ ይወጣሉ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከገቡ አይወጡም» አልኩት።

«በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ።»

«አጥንቱንማ ትኬት ላይ አትመህ ሸጥከው።»

የገመዱን ቋጠሮ ለመፍታት ሁለቴ ሞከርኩ፣ አባዬ። ገመዱ ሲወድቅ ፊሽካህን ነፋሁ። ሚሊሻው የጌጡን ፊት አየ፤ ጌጡ መሬት መሬት አየ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አደግድገው ቀድመው ገቡ። ሰልፉ ካቡ ሥር ሲደርስ ከተቀመጡት ጥቂቶቹ ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ሌሎቹ እስከ መጨረሻው አልተነሱም። ስም የተጠራው ግን የመጨረሻው ድንጋይ ከተካበ በኋላ ነው።

በሳምንቱ ከኮሚቴው አባረሩኝ፤ እንደ ልማዳቸው በሙሉ ድምፅ። ለከርሞ ድንጋዩን በቀን ሠራተኛ አስለቅመን በሩን እናስከፍላለን ብለዋል። ይሞክሩት። እትዬ ብርቄ ከሠራተኞቹ ቀድመን እንወርዳለን ብለውኛል፤ ሌሎችም አሉ።

ስምህ የታተመበት ትኬት ተቀዶ ሜዳው ዳር ወድቋል። እኔ የማስታውስህ በእሱ አይደለም። የማስታውስህ ያን ሁሉ ሰው አቁመህ እኔን አንዷን በጠበቅክበት ቀን ነው። ለከርሞ ነጭ ጫማዬን አድርጌ እወርዳለሁ። አትጠብቀኝም፤ ቀድሜ እገኛለሁ።

ልጅህ