ቬኒስን አይቼልሽ መጣሁ

ይድረስ ለአስካለ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ መልስ የሌለው ጥያቄ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ከተለየሽን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ነገር ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ። ተናድጃለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። እዚያው ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ነን። ልጅሽ ምሕረት አባቴ ብቻውን አይሆንም ብላ የራሷን ቤት ትታ እኔ ዘንድ ገብታለች። ጨው የሌለው ወጥ እየሠራች ታሰቃየኛለች። ሐኪሙ ያዘዘልኝን የደም ግፊት ኪኒን አልውጥም ስላልኩም ጠዋት ጠዋት እንኮራረፋለን። ሰው ሚስቱን ቀብሮ ዕድሜ ማስረዘም ምን ይሠራለታል? ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ያለው የበርበሬ ነጋዴሽ እንደ አንቺ ያለ ተከራካሪ ስላጣ ዋጋውን እንደ ልቡ ሰቅሎታል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ትሠሪላቸው በነበሩት አሮጊት ሳሎን ውስጥ የቬኒስ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ስንት ዘመን አቧራውን ስትጠርጊ ኖረሽ፣ «ያጸዳሁትን ከተማ ሳላየው አልሞትም» ትዪ ነበር። እኔ ደግሞ «ውኃ ለማየት ባቡር አያስፈልግም፤ የወጥ ቤታችን ቧንቧ ያፈስሳል» እልሽ ነበር። ልጅሽ አልረሳችም። «አባዬ፣ እማዬ ባታየው እኛ እንይላት» ብላ ትኬት ቆረጠች። ለተማርያምም ተከተለችን፤ ያቺ የአስመራዋ ጓደኛሽ፣ አፏ ዛሬም ልጓም የለውም።

ከተማው ውብ ነው፤ አልዋሽሽም። ቤቶቹ ከውኃ ውስጥ የበቀሉ ይመስላሉ። ግን ሰው የሚኖርበት አይመስልም። ሱቁ ሁሉ የወረቀት ጭምብል ይሸጣል፤ ዳቦ ቤት ፍለጋ ግማሽ ቀን ተንከራተትኩ። ድልድይ ደረጃ ላይ አረፍ ብል አንዲት ደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ መጥታ መቀመጥ ክልክል ነው አለችኝ። ከተማው በሙሉ ደረጃ፤ ጉልበት የከዳው ሽማግሌ የት ይቀመጥ? ደግሞ ጀልባዎቻቸው! ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ተቀብተው ሐዘን የገባበት ቤት ይመስላሉ፤ የተሳፈረው ሰው ግን ይስቃል፣ ፎቶ ይነሣል። እኔ ካንቺ ወዲህ ባላወለቅኩት ጥቁር ኮቴ ቆሜ ሳይ ለተማርያም «ጋሽ ደምሴ፣ ይግቡ እንጂ! ከልብስዎ ጋር የሚሄድ ጀልባ ተገኘ» ብላ ሳቀችብኝ። አልገባሁም።

በማግሥቱ በሕዝብ ጀልባ ስንሄድ፣ በቀይ ጡብ ግንብ የታጠረች ደሴት አየሁ። ከግንቡ በላይ የጽድ ጫፍ ብቻ ይታያል። መቃብር ነው አሉኝ። እዚያ ከተማ ከገባሁ ያን ጊዜ ገና ደስ አለኝ። «አሁን ሥራ ሠሩ፤ ለሙታናቸው ሙሉ ደሴት ሰጡ፤ ማንም አይነካቸውም» አልኩ፣ በጣሊያንኛ፣ ጮክ ብዬ። አጠገቤ አበባ ታቅፈው የተቀመጡ አሮጊት ሰሙኝና «ማጋሪ» አሉ፤ ምነው በሆነ እንደ ማለት ነው። ባላቸው እዚያ አፈር ውስጥ ተቀብረው ነበር። ጊዜያቸው ሲያልቅ አወጧቸው። አሁን አፅማቸው በትንሽ ሣጥን ግድግዳ ውስጥ ነው። አፈሩ ለሌላ ሟች ተሰጠ።

ደሜ ፈላ። «ይህ የናንተ ከተማ ጉድ ነው፤ ሮም እንዲህ ያለ ነገር የለም!» አልኳቸው። አሮጊቷ አበባቸውን ያስተካክላሉ። ምሕረት ፊቷን አዙራ ውኃውን ታያለች። «ለአባትሽ ንገሪያቸው እንጂ ልጄ፣ እስከ መቼ?» ያለቻት ለተማርያም ናት።

አስካለ፣ ሮምም ያው ነው። ያንቺም አፈር የተሰጠሽ ለአሥር ዓመት ነው።

ስትሞቺ ምሕረት ግድግዳው ውስጥ መቀበር ይሻላል ብላ ነበር። እኔ «እናትሽ ሹራብ ናት በመሳቢያ የምትቀመጠው? አፈር ትልበስ!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቱ ልታስረዳኝ አፏን ስትከፍት ጨርሻለሁ አልኳት። እኔ ጨርሻለሁ ካልኩ ማን እንደሚናገረኝ ታውቂያለሽ። አገራችን አፈር የገባን ሰው ጊዜህ አልቋል የሚለው የለም። እዚህ ግን ብዙ ዘመን የሚያቆየው ግድግዳው ነው፤ የሚያስወጣው አፈሩ!

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር ከገባሽ ጀምሮ ልቀቂ ስትባይ ኖረሻል። አሠሪሽ አሮጊት ሲሞቱ ልጆቻቸው ከጓዳሽ ልቀቂ አሉሽ። ከቪያ ቮልቱርኖ ጀርባ የነበረውን ቤታችንን ባለቤቱ ለቱሪስት ላከራየው ነው ብሎ ልቀቁ አለን። ሻንጣሽን አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ አራግፈሽ አታውቂም። ሆስፒታል ተኝተሽ እጄን ይዘሽ «አሁን የምገባበትን ቤት እንኳ ማንም ልቀቂ አይበለኝ» አልሽኝ። አይልሽም አልኩሽ። ቃሌን አጥፌ አላውቅም፤ በስተርጅና አንድ ደንብ ያሳጥፈኝ?

እንደተመለስን ልጮህ ወደ መቃብሩ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ «ሲኞሬ፣ ለእኛም ሰው ያው ነው፤ የእኔም አባት ወጥቷል» አለችኝ። ክርክሬን ነጥቃ አበሳጨችኝ። ቀኑ ሲደርስ ግን ዘመድ አፅሙን ተረክቦ ወደ ፈለገው አገር ሊወስድ ይችላል አለችኝ።

ምሕረት ግድግዳ ውስጥ እናሳርፋት አለች። አይሆንም፤ ግድግዳውም ቀን አለው። አገርሽ መርሳ ትሄጃለሽ፣ ማርያም ደጅ፣ እናትሽ ጎን። በኛም አገር አፅም ይፈልሳል፤ ግን ዘመድ ወስኖ፣ ካህን ጸልዮ፣ በክብር ነው። ልጅሽ «እኔስ እናቴን የት ሄጄ ላግኛት?» ብላ አለቀሰች። አብረሽኝ ትመጫለሽ፣ የእናትሽን አገር አይተሽው አታውቂም አልኳት። እንባዋን ጠርጋ «ቫ ቤኔ፣ እሺ አባዬ» አለች።

አሥር ዓመትሽ ሲሞላ እኔ ሰማንያን አልፌያለሁ። ስለዚህ መኖር ግድ ሆነብኝ። ዛሬ ጠዋት ኪኒኑን ዋጥኩ። ምሕረት ጭልፋዋን እንደያዘች ፈዝዛ ቀረች፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም። ወጡንም በላሁ። አሁንም ግፍ ነው።

አልረሳሽም ማለት ለሁሉም ቀላል ነው፤ እኔ እመጣለሁ እልሻለሁ። ያ ቀን ሲደርስ፣ መቃብር ቆፋሪው አካፋውን ከማንሣቱ በፊት ከራስጌሽ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ልቀቂ የሚልሽ ድምፅ አትሰሚም። የምትሰሚው የኔን ነው፦ አስካለ፣ ተነሽ፣ ቤትሽ ላድርስሽ።

ባለቤትሽ ደምሴ