ማንሳት የማልችለው ጸሐፊ

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

...ያኔ እዚህ አሜሪካ የእድራችን ደንብ ሲረቀቅ፣ «ሊቀመንበሩ ያለ ጉባኤው ድምፅ ጸሐፊውን አያነሳም» ይባል ያልኩት እኔው ነበርኩ። አጨበጨቡልኝ። ዛሬ ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ጸሐፊው ዳዊት ነው።

ሰው ሲሞት የሚደወለው ለእሱ ነው። ዛሬ የአንዲት አባላችን አባት አገር ቤት ማረፋቸው ሲሰማ፣ ባለቤቴ አልማዝ እንኳ መጀመሪያ የደወለችው ለዳዊት ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ስለ ፕሬዚዳንቱ ያወራል። ኮንግረስ በሕግ ከለላ የሰጣቸውን የመንግሥት ኮሚሽነሮች ያለ ጥፋት ማባረር ይችላል ወይ?

«ይችላል እንጂ!» አልኩ። «የማይፈልገውን ሰው ተሸክሞ እንዴት ይሠራል?»

አልማዝ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ፈገግ አለች። «ደንቡን ስታስጸድቅ እንዲህ አላልክም፣ ጌታዬ። ለመሆኑ የዳዊት ጥፋቱ ምንድን ነው?»

የዳዊትን ስም እኔ አላነሳሁም ነበር።

ጥፋት ፈለግሁለት። ስብሰባ ቀርቶ አያውቅም። ቃለ ጉባኤው እንኳ ከእኔ ጽሑፍ ያምራል።

ውጭ መኪና ክላክስ አደረገ።

«ዳዊት ነው፤ ኩን ራፒድስ ከተማ፣ የልጅቷ ለቅሶ ቤት ሊወስደኝ። አትመጣም?»

መኝታ ቤት ገብቼ የበረዶ ጫማዬን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ቀና ስል፣ አልማዝ ወጥታ የውጭው በር ተዘጋ።