በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ስለተተከለው ድንኳናችን

ለተከበሩ የደንና የሐይቅ ዳርቻ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲያመላልሱዎት ለኖሩት ጉልበቶችዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት በተተከለ ድንኳን ውስጥ ከባለቤቴ ጋር አሥራ አንድ የሥራ ቀን የተቀመጥኩት ሰውዬ ነኝ።

እኔና ባለቤቴ በየዓመቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ተራራው ላይ ወዳለው ጫካ ወጥተን፣ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለን አምስት ቀን እንቆያለን። ዘንድሮ የዓይን ሐኪሟ «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ለከርሞ አያቆዩት» አላት። እሷም ብዙ ሳታስብ «ሐይቁን» አለች። ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወንዝ ያቋርጣል፤ ዝናብ ከጀመረ ወንዙ መሻገሪያ ድንጋዮቹን ስለሚውጥ ሰው አያሳልፍም። ስለዚህ ዘንድሮ ያወጡት አዲሱ መመሪያ ድንኳን ለመትከል ፈቃድ እንደሚጠይቅ ስሰማ በማግስቱ ከቢሮዎ ተገኘሁ። ያጋጠመኝን መልካም አቀባበል በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ የመመሪያው ተራ ቁጥር አራት «አመልካቹ ድንኳኑን ተክሎ ለመርማሪ ኮሚቴ ያሳያል» ይላል። የት እንደሚተከል ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለውን፣ ባለጉዳዩ ሁሉ «ነገ ይመለሱ» እያለ የሚጠራውን ሠራተኛዎን ጠየቅኩት። «እዚሁ ነዋ አባባ፤ ኮሚቴው ከፎቅ አይወርድም» አለኝ። ካስማ ሴራሚክ ወለል ላይ እንደማይገባ በትሕትና ባስረዳው፣ መመሪያው ስለ ካስማ የሚለው ነገር እንደሌለ በእኩል ትሕትና አስረዳኝ። በዚህ መሠረት አንዱን ገመድ ከፋይል መደርደሪያው እግር፣ ሁለተኛውን ከደረጃው መደገፊያ ብረት፣ ሦስተኛውን ከእሳት ማጥፊያው መስቀያ፣ አራተኛውን ሌላ ማሰሪያ ስላጣን ከበርዎ እጀታ ጋር አሰርን። እርስዎም በሩን ወደ ውስጥ ሲስቡት ድንኳኑ ጎንበስ አለ፤ ባለቤቴ እጅ የነሳዎት መስሏት ደስ አላት። ከጠዋት ጀምሮ «ኃላፊው አሁን መውጣት አይችሉም» ሲባል የሰማነው ነገር በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት በመሆኑ፣ ለዚህ የበቃ ገመዴን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ መርማሪ ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት። ሁለቱ ነበሩ። ሦስተኛው አባል ስለ ፈጣን አገልግሎት አሰጣጥ ሥልጠና ላይ ስለነበሩ እስኪመለሱ እንድንጠብቅ ተነገረን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ከእኛ ማመልከቻ ጋር ቢወዳደር እንቁላሉ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀን ነበር። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ደግሞ «የተተከለ ድንኳን በሥራ ሰዓት ለአፍታም ያለ ጠባቂ አይተውም» ይላል። እኔ ደንብ ሳስከብር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለቤቴ ሹራብ እየሠራች፣ እኔ ጋዜጣ እያነበብኩላት ድንኳኑ ውስጥ ዋልን።

በሦስተኛው ቀን ባለጉዳዮች «ማኅተም የሚመታው እዚህ ነው?» እያሉ አንገታቸውን ማስገባት ጀመሩ። በአምስተኛው ቀን ሦስተኛው መስኮት ተዘግቶ ስለዋለ ማመልከቻቸውን ለእኛ ሰጥተው ሄዱ፤ እኔም በየቀኑና በየጉዳዩ ለይቼ፣ ዝርዝር አያይዤ ለጸሐፊዎ አስረከብኩ። እሷም «በስንት ጊዜያችን ሥርዓት አየን» ብላለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን በየጠዋቱ «እማማ፣ እግርዎን አንዴ ያንሱልኝ» እያለች እኛንም ድንኳናችንንም እንደ ቢሮው ዕቃ ዙሪያችንን ትወለውል ነበር። በአሥራ አንዱም ቀን በሰዓቷ የተገኘች እሷ ብቻ ስለሆነች፣ አሥር ከአሥር ሰጥቻታለሁ።

ሦስተኛ፤ ከድንኳኑ በር ትይዩ ግድግዳው ላይ «ኑ፣ ሐይቃችንን ጎብኙ» የሚል ትልቅ ፎቶግራፍ ሰቅለዋል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን አፍንጫዋ እስኪነካው ተጠግታ አየችውና «ይሄ የእኛ አይደለም፤ ዳር ዳሩ በረዶ ነው» አለች። በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት የተሳናት ሴት፣ መላው ጽሕፈት ቤትዎ በየቀኑ እያለፈ ያላየውን አየች። ከዚያ በኋላ የቀራትን ብርሃን የሰው አገር ሐይቅ ላይ ስታሳልፍ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ለዚህኛው የሚሆን የምስጋና ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

አራተኛ፤ በአሥረኛው ቀን የንብረት ክፍል ሠራተኛዎ ለዓመታዊ ቆጠራ መጣ። ወንበሩ ላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ የእሳት ማጥፊያው ላይ ቁጥር ለጠፈ፤ በዚያው እጁ ድንኳናችንም ላይ ለጠፈ። ከቸኮለ ሰው ጋር አልከራከርም ብዬ ወደ ጋዜጣዬ ተመለስኩ። ይህ ስሕተት የእኔ ነው። በማግስቱ ሦስተኛው አባል ተመለሱ፤ ኮሚቴው በሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ ተጋደመ፣ አንደኛው ጥቂት አንኮራፉ፤ ከዚያም «ለመኝታ ምቹ» ብለው ፈቃዱን ፈረሙልን። ገመዱን ልፈታ ሳጎነብስ የንብረት ክፍሉ ሰው ደረሰ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ቁጥር አለው፤ የቢሮ ንብረት ያለ መውጫ ወረቀት አይወጣም» አለ። መውጫ ወረቀቱን የሚፈርመው ያው ኮሚቴ ነው። ሦስተኛው አባል ደግሞ ለሥልጠናው ሁለተኛ ዙር ከሰዓት በኋላ ሄደዋል።

እንግዲህ እኔ ድንኳን የሌለው ፈቃድ ይዣለሁ፤ እርስዎ ፈቃድ የሌለው ድንኳን ይዘዋል። ደመናው ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ እሱ ኮሚቴ አይጠብቅም።

ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌር ይህን ሰምቶ የጭነቱን መሸፈኛ ሸራ አውሶናል። መመሪያዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ድንኳን ማለት ወለልና የሚዘጋ በር ያለው መጠለያ ነው» ይላል። ሸራው ወለል የለውም፣ በርም የለውም፤ ስለዚህ ድንኳን አይደለም፣ ኮሚቴም አያስፈልገውም። ነገ ማለዳ፣ ድንጋዮቹ ገና ሳይሸፈኑ፣ እጇን ይዤ ወንዙን እንሻገራለን። የጥበቃ ሠራተኛዎ ከመጣ በደስታ እናስተናግደዋለን፤ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ፦ በእሷና በውኃው መካከል እንዳይቆም።

ድንኳኔን ለኮሪደርዎ፣ አክብሮቴን ለወንበርዎ ትቼ፣ ለትዕግሥት ፈተናው ከልብ እያመሰገንኩ፣

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር

ማስታወሻ፦ ድንኳኑ አሁን የእርስዎ ንብረት ስለሆነ ተራ ቁጥር ዘጠኝ በእርስዎ ላይ ይሠራል። ከነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከሠራተኞችዎ አንዱ ሙሉውን የሥራ ሰዓት ከቦታው ሳይነቃነቅ ውስጡ መቀመጥ ይኖርበታል። ባለጉዳዮቹን ነግሬያቸዋለሁ፤ በጉጉት ይጠብቁታል።