ደረቅ አፍ ይዞ ልጅ መዳር

ሐሙስ፣ ጥር 13 ቀን 2002

ዛሬም ምሳ ሰዓት ላይ መዝገብ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ ብቻዬን በላሁ። በላሁ ከተባለ። አንድ ማንኪያ አጥሚት፣ አንድ ጉንጭ ውኃ፣ ደግሞ ማንኪያ።

የጉሮሮ ካንሰሩ ጠፍቷል ከተባልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስ አበባ ጨረር የሰጡኝ ሐኪም፣ «በሽታው ለቆዎታል፤ ምራቅዎ ግን ላይመለስ ይችላል» ብለውኝ ነበር። መትረፌ ብቻ ስለታየኝ ምራቅ ምን ያደርግልኛል ብዬ ሳቅሁ። አሁን ገባኝ። ያለ ምራቅ ቆጮ አይዋጥም፣ ሰው ፊት አይበላም፣ ማስተማርም አይቻልም። ከሃያ ዓመት መምህርነት በኋላ ክፍሌን ትቼ ከፋይል ጋር የተቀመጥኩት፣ ትንሽ ከተናገርኩ ድምፄ ስለሚጠፋ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ለልጄ ለምሕረት ላቀረቡት የጋብቻ ጥያቄ መልስ ሊሰሙ። በፊት ሲመጡ እኔ ጓዳ ተደብቄ ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ኃይሌ ነበር ያነጋገራቸው። «አሞታል» አላቸው። ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም።

ዓርብ፣ ጥር 14

ከባለቤቴ ከዘውዴ ጋር ተጣላን። «ጋሽ ኃይሌ ከሺሺንዳ ይምጣና እሱ ይመርቃት» ብላት፣ «አባት እያላት?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በእኛ ቤት ልጅ ከቤት ሲወጣ አባት ይመርቅና መጨረሻ ላይ ግንባሩን እትፍ እትፍ ይለዋል። ለመምህራን ማሠልጠኛ ስሄድ አባቴ እንዲያ ሸኝቶኛል። እርጥበቱ እስከ መናኸሪያው ድረስ ይሰማኝ ነበር። አክስቶቼ፣ በደረቅ አፍ የተመረቀ ትዳር ይደርቃል ይሉ ነበር። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አላምንበትም። ግን ቢደርቅስ? አንዲት ልጅ ነው ያለችኝ።

ከቢሮ ስወጣ አንድ የጥንት ባልደረባዬ እንዳላየ ሆኖ ባጃጅ ውስጥ ገባ። አልፈረድኩበትም። አምና ቤቱ ጠርቶኝ ያጎረሰኝ ጉርሻ አንቆኝ፣ እንግዳው ሁሉ ተነሥቶ ጀርባዬን ሲደልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠራኝ ሰው የለም። «እንዳይቸገር ብለን ነው» ይላሉ አሉ። ከእጄ የማልለያትን የውኃ ኮዳ ደግሞ አረቄ ናት ብለው ያሙኛል። ምነው አረቄ በሆነች! ጓደኛ አላጣም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 15

ለነገ፦
ጋቢ።
ኮዳዬ፣ ከወንበሩ ጀርባ።
አጭር ምርቃት። አሥር ቃል አድርጌዋለሁ።
ዘዴ።

ዘዴው ይህ ነው። ሰዉ «አሜን» ሲል ዞር ብዬ ውኃ እጎነጫለሁ፤ ሳልውጥ እትፍ እላለሁ። ማንም አያውቅም።

ጓሮ እንሰቱ ሥር ሄጄ ተለማመድኩ። መጀመሪያ በዛብኝና ቅጠሉን አጠጣሁት። በሦስተኛው ደህና ሆነ። ቀና ስል ምሕረት የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ምን ያህል እንዳየች አልጠየቅኋትም። እሷም ወደ ውስጥ ገባች።

እሑድ፣ ጥር 16

ሽማግሌዎቹ አሁን ወጡ። ጋቢዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

አራት ነበሩ። ትልቁ ጋሽ ወልዴ እንደ ደንቡ፣ «መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ወንድሜ ወደ እኔ አየ። ተነሣሁና፣ «ልጃችን ልጃችሁ ናት» አልኩ። ድምፄ ሻካራ ነው፤ ግን ወጣ። ዘውዴ እልል አለች። ምሕረት መጥታ ተንበረከከች።

«ውለዱ፣ ክበዱ፤ ቤታችሁ ሰው አይጣ፤ እንግዳ አይራቀው፤ እግዚአብሔር ከእናንተ አይለይ።»

«አሜን» አሉ። ዞር ብዬ ተጎነጨሁ። እስከዚህ ሁሉም እንደ ዘዴው ሄደ።

ይኼኔ ጋሽ ወልዴ፣ «መምህር፣ ያቺን ኮዳ ለብቻዎ ነው እንዴ? ለእኛስ አይቀዱልንም?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ደንግጬ ውኃውን ዋጥኩት። አንዲትም ጠብታ አልቀረችም።

«ውኃ ናት» አልኩ። «ጨረሩ ምራቄን ወስዶታል። ያለ እሷ አልበላም፣ አልናገርም።» ይህን ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ ቆመ። እንደገና መጎንጨት አፈርኩ። ምሕረት ግን ግንባሯን ወደ እኔ አቅንታ ትጠብቃለች። በደረቅ አፌ እትፍ እትፍ አልኳት። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ድገምልኝ አባዬ» አለች። ደገምኩላት።

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ዘርግተው ኮዳዬን ጠየቁኝ። ከአፏ ተጎንጭተው መለሱልኝና፣ «እውነትም ውኃ ናት» አሉ፤ እንደ ማዘንም እያሉ። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ከእነሱ ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ። ማንም አላጎረሰኝም፤ ማንም ግን እኔ ሳልጨርስ እጁን አልታጠበም።

ሰኞ፣ ጥር 17

አፌ ያው ነው። የአክስቶቼ ነገርም አልለቀቀኝም። ጠዋት ምሕረትን፣ «ትናንት ምንም አልረጠበሽም አይደል?» አልኳት።

«አልረጠበኝም» አለች። መዋሸት ትችል ነበር። «ትንፋሽህ ግን ይሞቅ ነበር።»

አሁን ምሳ ሰዓት ነው። መዝገብ ቤቱን አልቆለፍኩም። አጥሚቴን ጨርሻለሁ፤ እስካሁን ማንም አልገባም። ነገም በሩን አልዘጋውም።