ስለ አጋዘኑ የተናዘዝኩት

ወንድሜ ሺገዞ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጭነቴን ኖቤያማ ደጋ ላይ ላለው የጠፈር ምርምር ጣቢያ በሰላም አድርሻለሁ። በሰላም ማለቴ እንኳ ይቆየኝ። ጭነቴ ከሰማይ የሚመጣ ደካማ የራዲዮ ሞገድ የምታነሳ ካሜራ ናት። ውስጧ ያለው ብረት ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የሚያሳልፈው እጅግ ሲበርድ ብቻ ስለሆነ፣ የጣቢያው ሰዎች ሦስት ቀን ሙሉ ሲያቀዘቅዟት ሰነበቱ። መንገድ ላይ አጋዘን ገብቶብኝ ፍሬን በኃይል ረግጬ ነበርና፣ ሰብሬያት ይሆን እያልኩ ሦስቱንም ቀን ቡድሃን ስለምን ሰነበትኩ። ለሰው ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ዛሬ ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ ኩዋባራ፣ «አባባ ቶኩጂ፣ እስቲ እጅዎን የካሜራዋ መስኮት ፊት ይዘርጉልን» አሉኝ። እኛ ሰፈር ፎቶ ቤት ፈገግ በል ይሉሃል፤ እዚህ ፊትህን የሚፈልገው የለም። እጄን ብዘረጋ፣ ካሜራዋ የእጄን ሙቀት አንስታ ኖሮ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ተተኮሰ።

«ኧረ አባባ እሳት ናቸው! ሰማዩን ጋረዱብን እኮ!» ብለው ወጣቶቹ ተመራማሪዎች ሳቁ።

ደህና መሆኗን ሳይ ጊዜ ደፈርኩና ስለ አጋዘኑ ተናዘዝኩ።

«እናውቃለን» አሉ ወይዘሮዋ። «ካሜራዋ የመጣችበት ሣጥን ላይ መነቃነቅን የሚመዘግብ መሣሪያ አለ፤ ፍሬን የረገጡበትን ደቂቃ ሳይቀር ይዞታል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እንዲያ አጥብቀው ሲጸልዩ ማቋረጡ ነውር መስሎኝ ነዋ!»

ለካ ሦስት ቀን ሙሉ የለመንኩት ካሜራዋ እንድትተርፍ ሳይሆን እንዳይታወቅብኝ ኖሯል። ቡድሃም ሳይስቅብኝ አልቀረም።

የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ሞላብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። የሟቿ ባለቤቴ መቃብር ላይ እንደ ልማዳችን ውሃ ስታፈስልኝ ይህን ጉድ እንዳትነግራት፤ ለእሷ እንኳ ሳልያዝ እኔው ልናገር።

ቶኩጂ